የልብስ ሰፊዋ ልጅ ይግባኝ

ልብስ ሰፊዋ አንገቷ ላይ ሜትር የምታንጠለጥለው ለወጉ ነው። ደንበኛ በሯ ላይ ሲቆም ከትከሻው እስከ ጉልበቱ አንዴ ታየዋለች፣ አበቃ፤ መቀሷን ታነሳለች። «እርስዎ ፊት ሆድን መሳብም ዋጋ የለውም!» እያለ ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካዩ ይቀልድባታል። ሱቋ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ነው። ደጃፏ ላይ የውሃ ጀሪካንና ብርጭቆ አይጠፋም፤ የጠማው መንገደኛ ጠጥቶ፣ መርቋት ይሄዳል።

ምን ዋጋ አለው! ያ ሁሉ ምርቃት አንድ ልጇን አላዳነላትም።

ልጇ ሹፌር ነበር። ሥራ ፍለጋ ከገጠር የሚመጡ ሴት ልጆችን ከመናኸሪያው እየተቀበለ፣ የቤት ሠራተኛ ትሆናላችሁ እያለ፣ ከተማው ዳር ወዳለ ቤት ወስዶ ለወንዶች ሸጧል ተብሎ ተፈረደበት። አሥራ ስምንት ዓመት። ፍርዱ ሲነበብ ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች።

አሁን የቀራት ይግባኙ ብቻ ነው። እንቅልፍ የለ፣ እህል የለ። ዐይኗ በእንባ ከመሞላቱ የተነሳ መርፌዋ ላይ ክር የሚያስገባላት ፀጉር አስተካካዩ ሆኗል። «ሳልሞት ይፈታልኝ። ሌላ ምንም አልለምንም» ትላለች ለመጣው ሁሉ።

አንድ ቀን ጠበቃው ፊቱ በርቶ ሱቋ መጣ።

«እናቴ፣ ደስ ይበልዎት! መውጫ ቀዳዳ አግኝቻለሁ።»

«ምን አገኘህ ልጄ? ቶሎ ንገረኝ!»

«በሩን ከውጭ የሚቆልፈው እሱ ነው ተብሎ አይደል የተፈረደበት? በሩ ተቆለፈ በተባለባቸው ቀናት ግን መኪናውን ይዞ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ምስክሮች አሉኝ። ቁልፉ ሌላ ሰው እጅ ነበር ማለት ነው። የሰውየውን ስም ይንገረን እንጂ ፍርዱ ራሱ ሊፈርስ ይችላል።»

ልብስ ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ዝም ነው። እርስዎ ቢመክሩት ይሰማዎታል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አይሆንም!» ጩኸቷ ፀጉር አስተካካዩን መቀሱን እንደያዘ ወደ ደጅ አስወጣው። «ልጄ ጥፋቱን ይመን። አምኖ ይቅርታ ይጠይቅ፣ አንተ ደግሞ ቅጣቱን አስቀንስልኝ። በሰው ላይ አያላክክ!»

«ነፃ ሊወጣ ይችላል እኮ ነው የምልዎት!»

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» አለች፣ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ። «እኔ ነኝ እዚህ ያደረስኩት።»

«እናት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው። በቃ፣ አይልቀሱ» ብሎ አባበላት።

ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ አፉ አያርፍም። ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰ፣ ሰዉም ከንፈሩን መጠጠ። ወይ እናት! ለሐቅ ብላ በአንድ ልጇ ጨከነች ተባለላት።

እሷ ግን የመጀመሪያው ችሎት ከዐይኗ አልጠፋም። ዐቃቤ ሕጉ ኤግዚቢቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮት ነበር፦ ጓጉንቸሩን፣ ስልኩን፣ ሐምራዊ የሳቲን ቀሚሶቹን። ምስክሯ ልጅ እንዳትታይ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ተናገረች። «የመጣን ቀን መኪናውን አቁሞ ውሃ አጠጣን። ደግ መሰለኝ። በማግስቱ ቀሚስ አመጣልኝ። ልክክ አለልኝ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ በሩ ተቆለፈ።» እዚህ ላይ ማልቀስ ጀመረችና ሌላውን መናገር አቃታት። ይዘዋት ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ ከኋላዋ አየቻት። ከስታለች፤ የትከሻዋ አጥንት ወጥቷል።

የይግባኙ ቀን ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ወንበር ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ትነክሳለች። የመሀል ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ልጁን አዩት።

«ጠበቃህ ቁልፉን የያዘው ሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም ይላል። እንዲህ ያለ ሰው አለ?»

ልጁ ዞር ብሎ እናቱን አየ።

«የለም» አለ። «እኔ ብቻ ነኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ጠበቃው ግንባሩን ያዘ። ጥፋተኝነቱ ጸና፤ ቅጣቱ ግን ጥፋቱን በማመኑና በመጸጸቱ ተቀንሶ ሰባት ዓመት ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ ወለሉን ሳመችው። በሕይወት መገናኘት አለ ማለት ነው!

በካቴና ሲያሳልፉት ፖሊሱ ሊከለክላት አልጨከነም። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«እማዬ፣ አቆማለሁ ብለሽ የገባሽልኝን ቃል እንዳትረሺ» አላት በጆሮዋ።

«አፈር ስሆን! እንዴት እረሳለሁ?»

«ማይልኝ።»

«አንተን ይንሳኝ!»

እሱም አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች። ፖሊሱ ሳይቀር ፊቱን አዞረ።

ሱቋ ስትመለስ ፀጉር አስተካካዩ «እንኳን ደስ ያለዎት!» እያለ ደንበኛውን ከነአረፋው ጥሎ መጥቶ አቀፋት። ከጀሪካኑ አጠገብ ፌስታል ያንጠለጠለች ልጅ ቆማለች፤ ጫማዋ የመንገድ አቧራ ለብሷል።

«እትዬ፣ ውሃ ልጠጣ?»

«ጠጪ የኔ ልጅ፣ ምን ችግር አለው። ግቢ፣ አረፍ በይ። ከሩቅ ነው የመጣሽው?»

«አዎ፣ አሁን ነው ከአውቶቡስ የወረድኩት። የቤት ሥራ የሚያስቀጥር ሰው ያውቁ ይሆን?»

«እዚህ ዘመድ የለሽም?»

«ማንም የለኝም።»

ውሃውን ቀድታ ሰጠቻት፤ ልጅቷ ብርጭቆውን ስታንደቀድቅም ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ አንዴ አየቻትና ከመደርደሪያው ላይ የሐምራዊውን ሳቲን ጣቃ አወረደች።