የማይቀደደው ወረቀት

የአገሩ ወረቀት ሁሉ ፕላስቲክ ከሆነ ወዲህ ሕጉ አንድ ነው፤ ወረቀቱ እስካለ ቃሉ ይጸናል። አስካለና ባሏ ደምሰው የተፋቱትም በዚሁ ወረቀት ነው። «በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም» ይላል። በንዴት ፈረሙ። ለመፈረም እጅ ምን ገዶት! ንዴቱ ግን ሰባት ወር እንኳ አልቆየም።

ዛሬ የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ውብሸት አስታረቋቸው። ደምሰው ኮቱን በድሮው ሚስማር ላይ ሰቀለ፤ አስካለ ያን ስታይ እንባዋ መጣ።

«በሉ፣ ወረቀቱን አምጡት» አሉ ሽማግሌው። በእሳቸው ዘመን እርቅ የሚያልቀው የፍቺው ወረቀት ሲቀደድ ነበር።

ከሁለት ወገን ይዘው ጎተቱት፤ አልተበገረም። ደምሰው በቢላ ገዘገዘው፤ ቢላው ዶለዶመ እንጂ ወረቀቱ ጭረት አልወጣበትም። አስካለ ነጥቃ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። አልነደደም፣ አልቀለጠም፤ እንዳለ ነው።

አቶ ውብሸት የለመዱትን ምርቃት ለማውረድ እጃቸውን ዘረጉ። «ቀደድነው፤ እግዜር ይስፋችሁ» ነበር የሚሉት። «ቀደ…» ብለው ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ የማውቀው ወረቀት ይቀደድ ነበር» አሏት አንገታቸውን ደፍተው።

ሊመሽ ሲል ደምሰው ኮቱን ከሚስማሩ አወረደ።

«እንግዲህ ደህና ሁኚ፣ አስኩ።»

በሩ ሲዘጋ ወረቀቱን ከፍሙ መሃል ስባ አወጣችው። አልሞቀም እንኳ። ጥላሸቱን በእርጥብ ጨርቅ ብትጠርገው፣ የገዛ ፊርማዋ ቁልጭ ብሎ ታየ።