ክፉው ደረጃ

ከማዘጋጃ ቤት የመጣችው ፈረንጅ በጥቁርነታቸው ምክንያት የተደበደቡ ስደተኞችን ቃል ልትቀዳ በሐበሾች ማኅበር አዳራሽ ተቀምጣለች። አስተርጓሚው ከጎኗ ነው። ላብ የሚጠርግ መስሎ መሐረቡን አፉ ላይ ይዞ፣ ወገኖቹን እንደ ጉድ ያያቸዋል።

ክንዱ በጀሶ የታሰረው ጎልማሳ፣ "ደረጃ ጥሎኝ ነው" አለ። ዓይኗ የበለዘው ወጣትም ደረጃ ነው አለች። ግንባራቸው የተሰፋው ወይዘሮ እልፍነሽ፣ የአስተርጓሚው የግድግዳ ጎረቤት፣ "ያው ደረጃ ነው የኔ ልጅ፤ ተመስገን፣ ተርፌአለሁ" አሉ።

አስተርጓሚው አልቻለም፤ ብድግ አለ።

"የዚህ አገር ደረጃ ሐበሻ እየመረጠ ነው የሚጥለው? ተመታሁ ማለት ምኑ ያሳፍራል? አፋችሁን እንዲህ ለጉማችሁ ነው የማንም መጫወቻ የሆናችሁት። እናንተን ብሎ ወገን።"

ሲጮህ መሐረቡ ወርዶ ነበርና ፈረንጇ አየችው። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹም የሉም። ምን አግኝቶት እንደሆነ በቋንቋዋ ጠየቀችው።

መሐረቡን ወደ አፉ መልሶ በአንድ ቃል መለሰላት። ቀኑን ሙሉ ሲተረጉመው የዋለ ቃል ስለሆነ አዳራሹ በሙሉ ገባው።

"የሰፈራችን ደረጃ ክፉ ነው በላት" አሉ ወይዘሮ እልፍነሽ ቀስ ብለው።

የሁለቱም ቤት ምድር ላይ ነው፤ በራቸው ሲከፈት በቀጥታ መንገድ ላይ ያወጣል።