የተሳቢው መድን

በሞያሌ ኬላ ፈታሹ የመድን ወረቀቱን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ከመኪናው ኋላ የምትጎትቱት ቤት መድን አለው። ግን ሰው ተሳፍሮበት መሄድ አይፈቀድም ይላል። ታማሚዋ እናታችሁ ወርደው ጋቢና ይቀመጡ።»

ትርሲት ደነገጠች። እናቷ «አገሬ ሳልገባ እንዳልሞት» ብላ ስለለመነቻቸው ነው ይህን አልጋ ያለው ተሳቢ ተከራይተው ከናይሮቢ የተነሱት። ቁጭ ማለት ካቃታት ከርሟል።

«ልቀስቅሳት» ብላ ልትወርድ ስትል ታላቅ ወንድሟ ክንዷን ያዛት። ማርሳቢት ላይ እናታቸውን ውሃ ሊያጠጣ ገብቶ ከወጣ ወዲህ ቃል አልተነፈሰም።

«ተይ፣ እሱ ይያት» አለና የተሳቢውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለፈታሹ ሰጠው።

ፈታሹ ገብቶ ቆየ። ትርሲት በሆዷ ኪዳነ ምሕረትን ተማጸነች። ሲወጣ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን መታና «ተሳቢው ውስጥ የተሳፈረ ሰው የለም። እለፉ» አለ።

ትርሲት እጁን ልትስመው ምንም አልቀራት። «እግዜር ይስጥልን ወንድሜ!»

«አሜን» አለ ፈታሹ፣ ሁለቱንም ተራ በተራ እያየ። «እግዜር ያጥናችሁ።»