ሰባት ቁጥር

ተሾመች ካሜራውን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና አስፋልቱን ተሻገረች። ከደሴ የመጣችው አስተማሪ ሳራ ሐይቅ ከተማ በየበረንዳው ለሚያድሩ ዘጠኝ ሰዎች ፎቶ ማንሳት ታስተምራለች፤ ያለቻትን አንዲት ካሜራ በየተራ ታውሳቸዋለች። የዛሬው ተራ የተሾመች ነው፤ እስከ ስድስት ሰዓት መመለስ አለባት።

"የምትወዱትን አንሱ። አንዷን አሳጥብላችኋለሁ" ብላለች ሳራ። "ሰው ስታነሱ ግን አስፈቅዱ። ያልፈቀደን አታንሱ።" ቀድመዋት የወሰዱት ሁሉ ወደ ሐይቁ ወርደው ታንኳና ወፍ አንስተው መጡ። እሷ ከወፍ ጋር ምን አላት!

የሷ ጉዳይ ከአብዱልከሪም ጸጉር ቤት መስኮት ላይ ነው። መስታወቱ ውስጥ የቁርጥ ዓይነት የሚያሳዩ ዐሥራ ሁለት ፎቶዎች ተደርድረዋል። ሰባት ቁጥሩ ልጇ መልአኩ ነው። የቀድሞው ጸጉር ቆራጭ ጓደኛው ስለነበር አሳምሮ ቆርጦት፣ አንስቶ ለጠፈው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መልአኩ ዘመተና መርዶው ብቻ ተመለሰ። አምባሰል ያለው ቤቷም ፎቶዎቹ ከነበሩበት ሳጥን ጋር ነደደ። በዓለም ላይ የቀረው የልጇ ፊት ይኸው የመስኮቱ ነው።

"ምነው ይኼን ነፋሻ በረንዳ መረጥሽ?" ይሏታል። ከዚያ በረንዳ ሲነጋ መጀመሪያ የሚታየው ሰባት ቁጥር ነዋ። ስምንት ወር ሙሉ ለማንም አልተናገረችም፤ ከንፈር የሚመጥላት ሰው ሰልችቷታል። ከመልአኩ ወዲህ "እማ" ብሎ የጠራት የለም፤ አንዳንዴ ለራሷ ድምፅ እንኳ እንግዳ ትሆናለች።

ትናንት አብዱልከሪም መስታወቱ ነገ እንደሚቀየር ለደንበኛው ሲያወራ ሰማችው። ፎቶዎቹን ፀሐይ አጣብቋቸዋል፤ ሲላጡ ይቀደዳሉ፤ ስለዚህ ከነመስታወቱ ይጣላሉ። ሌሊቱን አልተኛችም።

አብዱልከሪም አንድ ሽማግሌ እየላጨ ነበር።

"አብዱ፣ ያችን ሰባት ቁጥሯን ላነሳት ነበር" አለች ከደጅ ሆና።

ሳቀ። "ምነው እማማ፣ ሰባት ቁጥር ሊቆረጡ አሰቡ እንዴ?"

"አስፈቅዱ ተብለናል።"

"የኔ መሰለዎት? ከሱቁ ጋር የተረከብኩት ነው። ፈቃዱ የባለ ፎቶው ነው።"

"ባለ ፎቶው የለም።"

"እንግዲያ ቤተሰቡ ይፍቀዳ" አለ እየቀለደ።

ተሾመች ዞራ ወደ በረንዳዋ ልትመለስ ዳዳት። ነገ ግን መስታወቱ የለም።

"ፈቅጃለሁ" አለች።

ምላጩ ሽማግሌው ጉንጭ ላይ ቆመ። አብዱልከሪም ወደ መስኮቱ ወጣና ሰባት ቁጥሩን አየ፤ ግንባሩን፣ የተራራቁ ዓይኖቹን። መልሶ እሷን አየ። በየቀኑ የሚያልፋት ሴት ናት፤ ፊቷን ልብ ብሎ ያየው ግን ገና አሁን ነው።

"አብሽሩ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከትከሻው ላይ ፎጣውን አነሳና መስታወቱን ጥርት እስኪል ወለወለላት።

ፊት ለፊቱ ቆመች። መልአኩ ቁርጡ እንዲታይለት አንገቱን ዘንበል አድርጓል። ያን ሰሞን "እማ፣ ነይ አብረን እንነሳ" ብሏት ነበር። "በዚህ አሮጌ ቀሚስ? ለግሸን ማርያም ስንወጣ አዲሱን ለብሼ እንነሳለን" አለችው። ነሐሴ ላይ ዘመተ፤ መስከረምን አላየም።

"ላንሳህ?" አለችው፤ ደንቡ ነውና። እንደሚመልስ ሰው ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ካሜራውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ተጫነችው።

አብዱልከሪም አንገቱን አስግጎ የካሜራውን ስክሪን አየ። "ውይ፣ እርስዎም ገቡበት። መስታወቱ ነው። ጎን ቆመው ይድገሙት።"

ሳራም እንደዚሁ ነበር ያስተማረቻቸው፤ መስታወት ሲሆን ጎን ቁሙ ብላ። ተሾመች ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አየችው።

"ይኸው ይሁን" አለች።

መልአኩ አንገቱን ዘንበል እንዳደረገ ነው። ዘንበል ባለበት በኩል፣ ከትከሻው አጠገብ፣ አንዲት የከሳች ሴት በዚያው በአሮጌ ቀሚሷ ቆማለች።