ከሳጥኑ የመጣው «አቤት»

እኔ ዘመናይ፣ ክፍሌ ውስጥ ስልክ አይገባም ብያለሁ፤ እዚህ እስራኤል የገዴራ ከተማ ወላጅ ሁሉ ቢጮህብኝም አልመለስም! ከሰዓት በኋላ ለጥናት የሚመጡት ልጆች ስልካቸውን አጥፍተው ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይከታሉ፤ እኔ እቆልፈዋለሁ። ስማቸው ሲጠራም በዕብራይስጥ ሳይሆን እንደ ወላጆቻቸው «አቤት» ማለትን አስለምጃቸዋለሁ።

ዛሬም «ድቪር!» ብዬ ጠራሁ።

«አቤት» አለ የድቪር ድምፅ፣ ከሳጥኑ ውስጥ። ልጁ ፊት ለፊቴ አፉን ገጥሞ ተቀምጧል።

ሳጥኑን ከፍቼ ስልኮቹን አንድ በአንድ አየሁ። አንዱም አልበራም።

«ቤሰደር፣ እሺ» አልኩ መልሼ እየቆለፍኩ። «እኔ ከቆርቆሮ መልስ አልቀበልም። ድቪር! በራስህ አፍ መልስልኝ!»

ልጁ ቀስ ብሎ ተነሳ። እንባው እየወረደ አፉን ከፈተ።

ከጉሮሮው የስልክ ጥሪ ወጣ።