ቀልድ የተከለከለበት ሳቅ

ዋማን ከዛፉ ጀርባ ቆሞ የሚስቱን ሳቅ ያዳምጣል። ሱላብሃ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ትስቃለች። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ ስትስቅ የሰማበትን ቀን አያስታውስም። ቅናት አንጀቱን አሳረረው።

ነገሩ የሐኪም ትእዛዝ ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲላትና ያለ ምክንያት ስትጨነቅ፣ በየማለዳው ከፑኔ ከተማ መናፈሻዎች ወደ አንዱ ሄዳ ለጤናው ተሰብስቦ ከሚስቅ የሳቅ ማኅበር ጋር እንድትስቅ መከራት። ሁለት ወሯ ነው። አሁን ጎኗ አልጋ ከነካ ትተኛለች፤ እንቅልፍ ያጣው ዋማን ነው። ማን ነው የሚያስቃት እያለ ሲገላበጥ ያድራል። ዛሬ ተከትሏት መጣ።

ሰውዬውን አገኘው። ፋድኬ የሚባል ጡረተኛ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ ከሰዎቹ መሀል ቆሞ እያጨበጨበ "ሆ ሆ፣ ሃ ሃ ሃ" ሲል ሃያ ያህል ሰው ይከተለዋል። ሆዱ የተገፋ፣ ፀጉሩን ቀለም የተቀባ ሽማግሌ። ዋማን ሳይታወቀው የራሱን ሆድ ወደ ውስጥ ሳበ።

አጠገቡ አግዳሚ ላይ አንድ አዛውንት ጉልበታቸውን ያሻሉ።

"አባባ፣ ያ ሰውዬ ምን ብሎ ነው እንዲህ የሚያንከተክታቸው?"

"ምንም።"

"መቼም ቀልድ ሳይነግራቸው አይቀርም።"

"እዚህ ቀልድ ክልክል ነው፣ ልጄ። የቀለደ ለሁሉም ሻይ ይገዛል፤ እኔ ባለፈው ተቀጥቻለሁ። ዝም ብለህ ሃ ሃ ትላለህ፣ የእውነቱ ሳቅ ራሱ ይመጣል።" ቀና ብለው አዩት። "ያንተስ ፊት የተጣላ ሰው ፊት ነው። ግባና ሳቅ።"

 ዋማን ሁለት ወር ሙሉ በሐሳቡ ሲቧቀሰው የከረመው ሰው የለም ማለት ነው። ደስ ሊለው ሲገባ ይበልጥ ከፋው፤ ሰው ቢሆን ይጣላው ነበር። ያንን የሚስቱን ሳቅ አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ለፊት፣ ለራሱ ፈለገው።

ሄዶ ከሰዎቹ ተቀላቀለ።

"አዲስ ሰው መጣልን" አለ ፋድኬ። "በሉ ጥንድ ጥንድ ሁኑ፤ ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ።"

ዋማን ሁሉንም አልፎ ሚስቱ ፊት ቆመ። ሱላብሃ ከጎኗ ካለችው ሴት ጋር እየሳቀች ዞር ስትል አየችው።

"እርስዎ ነዎት እንዴ? ቤት ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነ። ልስቅ ነው የመጣሁት። እስቲ ሳቂ።"

"እሺ" አለች።

ዙሪያቸው ሁሉ ሃ ሃ ይላል። ዋማንም አፉን ከፍቶ ጀመረ። እሷም ጀመረች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ቀኝ እጇ ወደ ላይ ወጣና አፏን ሸፈነ።

አስታወሰ። አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ በእናቱ ግቢ፣ "ሰው ይሰማል፣ ዝግ በይ" ብሎ ያንን እጅ አንስቶ አፏ ላይ ያደረገው ራሱ ነበር።

ሊያወርድላት እጁን ዘረጋ። ሱላብሃ ዝም በይ ሊላት መስሏት አፏን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።