የሁለት ሰው መጋዝ

«መኪናው በላዬ ላይ ቢሄድ እንኳ ከዚህ አልነሳም!» አሉ ጋሽ ምስማር፣ በግማሽ የተቆረጠው ግንድ ላይ እንደተቀመጡ።

አስተማሪዋ ታላቅ ወንድሟን አየችው። እሱ ደግሞ ሰዓቱን ያያል። የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ ክላክሱን ያስጮኻል። እስከ ስድስት ሰዓት የአባታቸው የእንጨት ግቢ ባዶ መሆን አለበት፤ ግንዱም፣ ጣውላውም፣ መጋዙም ተጭኖ ይሄዳል። ግቢው እንዲዘጋ የወሰነው ወንድሟ ነው። እሷን ያማከራት በስልክ፣ ያውም ክፍል ውስጥ እያስተማረች ሳለ ነበር። ልጆቹ ሲንጫጩባት «እሺ» ብላ ዘጋችው።

ግንዱን አባቷና ጋሽ ምስማር መቁረጥ የጀመሩት የዛሬ ወር ነው። ማምሻውን አባቷ መጋዙ እንዳይያዝ ሽብልቁን ቁርጡ ውስጥ መታና «ነገ እንጨርሰዋለን» ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። በተኛበት ቀረ። ምስማር የሚለውን ስም ለጓደኛው ያወጣላቸው እሱ ነበር፤ ቀጭን ስለሆኑ ሳይሆን ከገቡበት ስለማይነቀሉ።

«ጋሼ» አለ ወንድሟ ድምፁን አለስልሶ፣ «በሞተር መጋዝ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»

«በእጅ ነው የተጀመረው፣ በእጅ ያልቃል። የቸገረኝ የመጋዙን ያንን ጫፍ የሚይዝልኝ ሰው ብቻ ነው።»

አስተማሪዋ ቦርሳዋን አስቀመጠች፤ የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ የአባቷን ጫፍ ያዘች። እጀታው የአባቷ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጎድጉዷል። ለእሷ ጣት ሰፋ።

«አብደሻል?» አለ ወንድሟ።

«አዎ» አለችው።

ጋሽ ምስማር ተነስተው ሌላኛውን ጫፍ ያዙ። እሷ ሳበች፤ ከዚያ ሽማግሌውን የረዳች መስሏት ገፋች። መጋዙ ተጣሞ ቁርጡ ውስጥ ተያዘ።

«አትግፊ!» ጮኹባት። «ያንቺ ሥራ መሳብ ነው። ከዚያ ልቀቂልኝ፣ እኔ ደግሞ ልሳብ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «አባትሽ ሰድቦኛል። አንዴማ ዓመት ሙሉ አኩርፎኛል፤ እያኮረፈ ነበር አብሮኝ የሚቆርጠው። በአርባ ዓመት ግን አንድ ቀን አልገፋኝም።»

ሳበች፣ ለቀቀች። ሳበች፣ ለቀቀች። ሰጋቱራው ጫማዋ ላይ ተከመረ። ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገና ከመንገዱ ማዶ ይቀበላት ነበር። ድምፁ ካለ አባቷ አለ። ናፈቃት፤ እንደ ሕፃን ናፈቃት። ከጠመኔ ሌላ የማያውቀው መዳፏ ውሃ ቋጠረ፣ እንባዋም ወረደ፤ ለመጥረግ ግን እጀታውን አልለቀቀችም።

«ውሸታም!» ይላሉ ጋሽ ምስማር በሳቡ ቁጥር። «ነገ ብሎኝ ሄደ። ውሸታም!»

ግንዱ ተንቋቋና ለሁለት ተከፈለ። ሽብልቁ መሬት ወደቀ።

«ይኸው አለቀ» አለ ወንድሟ። የእሱም ዓይን ቀልቷል። «አሁን ይጫን?»

ጋሽ ምስማር እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆመዋል። አስተማሪዋ ይህን አየች። ከኪሷ ጠመኔ አወጣች፤ ወደሚቀጥለው ግንድ ሄዳ ወገቡ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረች።

ሽማግሌው መጋዙን አመጡ። ወንድሟ ሁለት ጊዜ ተጣራ፣ ሹፌሩ ክላክሱ ላይ ተኛበት፤ የሰማው የለም። ግማሽ ላይ ሲደርሱ እሷ ቆመች። የአባቷን ሽብልቅ ከመሬት አንስታ ቁርጡ ውስጥ ከተተችና በመዶሻ መታችው።

«ሹፌሩን ሸኘው» አለችው ወንድሟን። «ግቢው የእኔም ነው። ያን ቀን እሺ ያልኩት ቀርቷል።»

ከዚያ ወደ ጋሽ ምስማር ዞረች።

«ነገ እንጨርሰዋለን።»

ጋሽ ምስማር ጎንበስ ብለው ሽብልቁን በሁለት ጣታቸው ይዘው ሊያነቃንቁት ሞከሩ። ወይ ፍንክች።